የወጣቶች ፍቅርና ከልብ ወለዶቻችን የጐደለው ቃል

ከሃያ ዓመት በፊት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን፥ የባዮሎጂ መምህራችን የአበባን መራባት በሦስት ዐይነት ጠመኔ ሥሎ አስተማረን። የአበባው ብናኝ ከወንዴው ክፍል ተነሥቶ፥ በነፋስ ወይም በንብ እግር ተጭኖ፥ ወደ ሴቴው ክፍል እንዴት እንደሚደርስ ሲያስረዳ እጅግ ደስ የሚያሰኝ መምህር ነበር። በማግሥቱ የሚቀጥለው ምዕራፍ የሰው ነበረ። መምህራችን መጽሐፉን ገለጠ፤ ጥቂት ዝም አለ፤ ከዚያም «ይህን ምዕራፍ እቤታችሁ አንብቡት» ብሎ ወደ ሌላው ተሻገረ። ከኋላ የተቀመጡት ወንዶች ሣቁ፤ ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ። እኛም እንደ ታዘዝነው እቤታችን አነበብነው፤ ነገር ግን በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስለ ነበረ ከሥዕሉ በቀር የገባን ጥቂት ነው።

ይህን ትዝታ ያነሣነው ያን መምህር ለመውቀስ አይደለም። ሥራውን ወዳድና በሌላው ሁሉ ደፋር ሰው ነበር። ዛሬ እኛው ራሳችን አባትና አጎት ሆነን ስናስበው፥ መምህሩ በዚያች ቀን ያጣው ቃል ነበር ብለን እናምናለን። በስድሳ ልጆች ፊት ቆሞ ሳያፍርና ሳያሳፍር የሚናገርበት አማርኛ አልነበረውም። እንዲህ ያለውን ቃል የሚያበጀው ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ ደራሲ ነው። ስለዚህ ልብ ወለዶቻችን ስለ ጐረምሳና ስለ ኰረዳ ፍቅር ምን እንደ ነገሩን፥ ከምንስ ላይ ሲደርሱ ዝም እንዳሉ ለመመርመር አስበናል። እኛ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ሠራተኞች እንጂ የሥነ ጽሑፍ ሊቃውንት አለመሆናችንን አንባቢ አስቀድሞ ይወቅልን።

ይህ ነገር በተነሣ ቍጥር «ባህላችን አይፈቅድም» የሚል መልስ ይሰማል። መልሱ ግማሽ እውነት ነው። በጥምቀት ዕለት ጐረምሳው ሎሚ ገዝቶ ወደ ወደዳት ልጃገረድ ደረት ሲወረውር፥ ታቦቱን አጅበው የሚሄዱት ሽማግሌዎች ያዩታል፤ ፈገግ ብለውም ያልፋሉ። በሠርግ ቤት የሚዘፈነውን ዘፈን ቃል በቃል ላዳመጠ ሰው፥ ሳይባል የሚቀር ነገር የለም ለማለት ይቻላል። ከሁሉም የሚበልጠው የብር አምባር ልማድ ነው። የሙሽራይቱ ድንግልና በሚዜዎች ጭፈራ ለወላጆቿ ሲበሠር፥ የአንዲት የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ የሰውነት ምሥጢር በመቶ እንግዳ ፊት ይዘፈን ነበር። ታዲያ ያችኑ ልጅ በዚያች ሌሊት ምን እንደሚያጋጥማት አስቀድሞ የነገራት ማን ነው? በብዙ ቤት ማንም አልነበረም። እንግዲህ ባህላችን ስለዚህ ጕዳይ አይናገርም ማለት ስሕተት ነው። ስለ ልጆቹ አሳምሮ ይናገራል፤ የማይናገረው ለልጆቹ ነው።

በቀድሞው ዘመን ይህ ጕድለት ጐልቶ ያልታየበት ምክንያት አለው። ልጃገረዲቱ ከልጅነት ወደ ሚስትነት የምትሻገረው በአንድ ሌሊት ስለ ነበረ፥ ጕርምስና የሚባለው ዕድሜ ለእርሷ አልተሰጣትም ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለወንድ 18፥ ለሴት 15 ዓመት አድርጎ ወሰነ፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ደግሞ ለሁለቱም 18 አደረገው። ሕጉ ይህን ቢልም ኑሮው ወደ ኋላ ይቀራል። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት እንደሚያመለክተው፥ ከ25 እስከ 49 ዓመት የሆናቸው ሴቶች የመጀመሪያ ጋብቻቸው መካከለኛ ዕድሜ 17.1 ዓመት ነበረ፤ ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉትም ልጃገረዶች 13 ከመቶዎቹ ወልደው ወይም ፀንሰው ተገኝተዋል። የዳሌዋ አጥንት ሳይጠና የምትወልድ ልጅ ምጡ ቀናት ሲፈጅባት ምን እንደሚደርስባት ለማወቅ የሚፈልግ ሰው፥ ዶክተር ሬጅናልድና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን በ1967 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ያቋቋሙትን የፊስቱላ ሆስፒታል ታሪክ ይመልከት። እኛ በዚህ ላይ አንጨምርም።

ለጽሑፋችን የሚያስፈልገው ግን ሌላው ወገን ነው። ትምህርት ቤት በከተማ ልጃገረድ ሕይወት ውስጥ አንድ አዲስ ዕድሜ ፈጥሯል። በዐሥራ ሦስት ወይም በዐሥራ አራት ዓመቷ ሰውነቷ ይለወጣል፤ በሃያ ሁለት ዓመቷ ከዩኒቨርሲቲ ትወጣለች፤ በሃያ አምስት ወይም ከዚያ በኋላ ታገባለች። በመካከሉ ከዐሥር ዓመት በላይ አለ። እናቷ ይህን ዕድሜ አልኖረችውም፤ አያቷም አልኖረችውም። ምክር የሚወርሰው ከኖሩበት ኑሮ ስለ ሆነ፥ እናት «ምን ልበላት?» ብላ ዝም ስትል ክፋት ወይም ግዴለሽነት አይደለም፤ የምታወርሰው ነገር አጥታ ነው። እንዲህ ያለ አዲስ ዕድሜ ሲመጣ ያልኖሩትን ኑሮ በሐሳብ ኖሮ የሚያሳይ ሰው ያስፈልጋል፤ ይህም የልብ ወለድ ደራሲ የሚባለው ነው።

ደራሲዎቻችን ስለ ጋብቻ ከመጻፍ አልቦዘኑም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ዓ.ም. ባሳተሙት «ሐዲስ ዓለም» ዐወቀ የተባለው ወጣት ከአውሮጳ ተምሮ ሲመለስ ከአገሩ ልማድ ጋራ እንዴት እንደሚጋጭ አሳይተዋል። ኅሩይን የሚያሳስባቸው የድግሱ ወጪና የልማዱ መበላሸት ነው፤ የሚናገሩትም ለወላጆችና ለካህናት ነው። ለዘመናቸው ይህ ትልቅ ሥራ ነበር። የሙሽሮቹን ልብ ግን ገልጠው አላዩም፤ እንዲያዩም የጠበቀባቸው ሰው አልነበረም።

ይህን ልብ ገልጦ ያሳየን «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን ይህን መጽሐፍ የማያውቅ አንባቢ ይኖራል ብለን አንገምትም፤ ስለዚህ ታሪኩን አንተርክም፤ አንድ ነገር ብቻ እናስታውሳለን። በዛብህ ገና ሕፃን ሳለ ወላጆቹ በስለት ለእግዚአብሔር የሰጡት ልጅ ነው። ሰብለ ወንጌል ደግሞ አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ ለዘሯ የሚመጥን ባል የለም እያሉ ጠያቂዎቿን ሁሉ የመለሱባት ልጅ ናት። አንዱን ስለት አሰረው፤ ሌላይቱን የዘር ቍጥር አሰራት። ሁለቱም በገዛ ሰውነታቸው ላይ የተሰጠውን ቃል እነርሱ አልሰጡትም። ሁለቱ ተማሪና አስተማሪ ሆነው በአንድ መጽሐፍ ላይ ሲያጐነብሱ፥ ሰው ቃል የሰጠባቸው ሁለት ሰውነቶች ለመጀመሪያ ጊዜ የራሳቸውን ቃል ይፈልጋሉ። በአማርኛ ልብ ወለድ ከዚህ የበለጠ ነገር ተጽፏል ብለን አናምንም።

ይሁን እንጂ መጽሐፉን ደጋግመን ስናነበው አንድ ነገር ይከነክነናል። ሰብለ ኰረዳ አይደለችም። የአገሩ ሴት ልጅ ከምትዳርበት ዕድሜ ብዙ ያለፈች፥ የበሰለች፥ አንባቢ አስቀድሞ ያዘነላት ሴት ናት። ስለዚህ በፍቅሯ ላይ የሚፈርድባት የለም፤ ጥፋቱ ሁሉ በአባቷ ትዕቢት ላይ ይወድቃል። ደራሲው የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ አድርገው ጽፈዋት ቢሆን ኖሮ፥ ከእኛ ከአንባቢዎቹ ስንቶቻችን ከፊታውራሪ መሸሻ አጠገብ በቆምን ነበር? ሌላም አለ። ጉዱ ካሣ የሁለቱ ወዳጅ የሆነ ብቸኛ ትልቅ ሰው ነው። ስለ ሥርዐቱ መበስበስ የሚናገረው ሁሉ ድንቅ ነው፤ ነገር ግን ንግግሩ ለዘመኑና ለሕዝቡ ነው። ሰብለ ልትጠይቅ የምትችለውን ትንሿን ጥያቄ፥ ማለትም «ይህ የሚሰማኝ ምንድን ነው? ምንስ ላድርግ?» የሚለውን የሚመልስላት ሰው በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ አናገኝም። መጨረሻውም መቃብር ነው። በሞት ያለቀ ፍቅር ወላጅን አያስፈራም፤ ያለ ሥጋት አልቅሰን እንለየዋለን።

ይህን ስንል በግምት አይደለም። በልጅነታችን የወጋየሁ ንጋቱ ትረካ በራዲዮ ሲሰማ ቤተ ሰቡ ሁሉ ሥራውን ትቶ ይሰበሰብ ነበር። አባታችን፥ ነፍሳቸውን ይማርና፥ እንባቸውን በጋቢያቸው ጠርዝ ሲጠርጉ አይተናቸዋል። ከዚያ ብዙም ሳይቈይ በታላቅ እኅታችን ደብተር ውስጥ አንድ የክፍል ጓደኛዋ የጻፈላት ደብዳቤ ተገኘ። በደብዳቤው ላይ የነበረው ሰላምታ፥ የአንድ መጽሐፍ ልዋስሽ ባይነትና በእርሳስ የተሣለ ጽጌረዳ ነው። እኅታችን ዐሥራ ስድስት ዓመት አልሞላትም ነበር። ያን ለት ተገረፈች፤ ከትምህርት ቤትም ቀረች፤ ዓመት ሳይሞላ ለማታውቀው ሰው ተዳረች። አባታችን ጨካኝ ሰው አልነበሩም። በዛብህን ያለቀሱለት ከልባቸው ነው፤ እኅታችንንም የገረፏት ከልባቸው፥ ከክፉ እንጠብቃታለን ብለው ነው። መጽሐፉ አንጀታቸውን ሲበላው እጃቸውን እንዴት ሳይነካው ቀረ? ይህ ጥያቄ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አልተወንም፤ ይህን ጽሑፍም ያጻፈን እርሱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ «ስብሐት ገብረ እግዚአብሔርስ?» ይለን ይሆናል። «ሌቱም አይነጋልኝ» ግልጽነቱ ያስፈራቸው ሰዎች ስለ ነበሩ ለረጅም ዓመታት ሳይታተም የኖረ መጽሐፍ ነው። ስለ ሥጋ ግንኙነት ያለ መጋረጃ የሚናገር አማርኛ ሊኖር እንደሚችል በማሳየቱ ባለ ውለታ ነው። ነገር ግን የሚያሳየን የውቤ በረሃን ሌሊት ነው፤ ሰዎቹ ዐዋቂዎች ናቸው፤ ፍቅሩም በአብዛኛው በገንዘብ የሚለካ ነው። እንግዲህ በአንድ ወገን መቃብር፥ በሌላው ወገን ቡና ቤት አለን። በሁለቱ መካከል ደብተሯን ታቅፋ ከትምህርት ቤት የምትመለሰው ልጅ የት አለች? እርሷ ዋና ሰው የሆነችበትን፥ ደራሲውም ሳይገድላትና ሳያረክሳት የሚሸኛትን አማርኛ ልብ ወለድ ለእኅታችን ልጅ ልንሰጣት ፈልገን በየመጻሕፍት መደብሩ ዞረናል፤ እጃችንም ባዶውን ተመልሷል።

ወደ ቃሉ እንመለስ። ስለዚህ ጕዳይ ያሉን ቃላት ሦስት መደብ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ የመንገድ ስድቦች ናቸው፤ እነርሱን ወንዶቹ ልጆች ከሰባት ዓመታቸው ጀምሮ ያውቋቸዋል። ሁለተኞቹ ሩካቤንና ድንግልናን የመሰሉ ከግእዝ የመጡ ቃላት ናቸው፤ ክቡራን ናቸው፤ ነገር ግን በተነሡ ቍጥር ልጁ ንስሐ አባቱ ፊት የቆመ ይመስለዋል። ሦስተኞቹ እነ ፔሬድ፥ እነ ቦይፍሬንድ ናቸው፤ እነዚህ ደግሞ ነገሩ ሁሉ በፊልም ውስጥ ያሉ የባዕዳን ሰዎች ጕዳይ እንደ ሆነ ያስመስላሉ። ስለ ዕድሜው ያሉን ቃላት እንኳ ራሳቸውን ቢመረምሯቸው የሚያስገርሙ ናቸው። «ጐረመሰ» የሚለው ግስ ከወላጅ አፍ ሲወጣ እኩሌታው ወቀሳ ነው፤ «ጐረመሰብን» እንላለን። ስለ ሴት ልጅ «ለዐቅመ ሔዋን ደረሰች» ስንል ደግሞ ቃሉ የሚጠቁመው ወደ ጋብቻ ነው። ልጅቱ ለራሷ ደረሰች የምንልበት አነጋገር የለንም።

ይህ የቃል ማጣት የቋንቋ ወዳጆች ጨዋታ ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ፥ በፖሊስ ጣቢያ ቃሏን የምትሰጥን ልጅ ያስብ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ዕድሜያቸው 18 ዓመት ባልሞላ ልጆች ላይ የሚፈጸመውን የግብረ ሥጋ ድፍረት በግልጽ ይቀጣል። ሕጉ ቃል አለው። ልጅቱ ግን «አስቸገረኝ» ወይም «ነካካኝ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልተማረችም፤ ጸሓፊውም የሚጽፈው የተናገረችውን ነው። ወንጀሉ በመዝገቡ ላይ ሲነበብ እንደ ቀልድ ያህል ቀላል ሆኖ ይቀራል።

የእኛ ዘመን ተማሪዎች አንድ ጊዜ ቃል ተሰጥቶን ነበር። በ1990ዎቹ ዓመታት በየትምህርት ቤቱ የፀረ ኤድስ ክበብ ተቋቁሞ፥ መታቀብ፥ አንድ ለአንድ መወሰን፥ ኮንዶም መጠቀም የሚሉት ሦስት ምክሮች በግድግዳው ሁሉ ላይ ተጽፈው ነበር። ብዙ ነፍስ አድነዋልና እናመሰግናቸዋለን። ነገር ግን ከክበቡ ድራማ እንደ ወጣን ስለ ፍቅር የምናውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበረ፤ ይኸውም የሚገድል መሆኑ ነው። ጐረምሳ ሲወድ ምን ማድረግ እንደሚገባው፥ «አይሆንም» ስትባለውም ቃሏን አክብሮ እንዴት መመለስ እንደሚችል በክበቡ መድረክ ሲነገር አልሰማንም። ለሴቶቹ ክብራቸውን እንዲጠብቁ ተነገራቸው፤ ለወንዶቹ ግን የማንን ክብር እንደሚጠብቁ አልተነገረንም።

ትምህርቱን የሚቃወሙ ወገኖች «ያልተነሣውን ነገር ታነሣላችሁ» ይላሉ። ፍርሃታቸውን አንንቀውም፤ ልጅ ያለው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ዩኔስኮ በ2010 ዓ.ም. አሻሽሎ ባወጣው መምሪያ ግን በየአገሩ የተደረጉትን ጥናቶች መርምሮ፥ እንዲህ ያለው ትምህርት ወጣቶችን ወደ ግንኙነት እንደማያቻኵል አረጋግጧል። ደግሞስ ያልተነሣ ነገር አለን? ልጁ በኪሱ በያዘው ስልክ በአንድ ሌሊት የሚያየው፥ ያ መምህራችን ሊነግረን ካፈረበት ምዕራፍ ሺህ ጊዜ ይብሳል። ሆኖም ተቃዋሚዎቹ እውነት የያዙበት አንድ ነገር አለ። በየጊዜው እየተተረጐሙ የሚመጡት የሥልጠና ወረቀቶች እንጨት እንጨት የሚል አማርኛ አላቸው፤ ሲነበቡ የማንም እናት የምትናገረው አይመስሉም። ወላጅ «ይህ የእኛ አይደለም» ሲል ብዙ ጊዜ የሚቃወመው ሐሳቡን ሳይሆን አነጋገሩን ነው።

ለመሆኑ አማርኛ ይህን ማድረግ ይችላልን? ይችላል። «የወር አበባ» የሚለውን ቃል እንመልከት። ስድብ አይደለም፤ የንስሐ ቤት ቃል አይደለም፤ ከእንግሊዝኛም የመጣ አይመስልም። በራዲዮ ይነገራል፤ በመድኀኒት ቤት ይጠየቃል። ፈጣሪው ስሙን አልጻፈበትም፤ ደራሲ ቢሆን ኖሮ ሽልማት ይገባው ነበር ባይ ነን። እንዲህ ያሉ ዐሥር ቃላት ቢኖሩን የባዮሎጂው መምህር ምዕራፉን ባልዘለለው ነበር።

ባለፈው እሑድ ከእኅታችን ቤት ነበርን፤ ያችው የተገረፈችው እኅታችን ናት። ልጇ ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች። የባዮሎጂ መጽሐፏን ይዛ መጥታ «አጎቴ፥ ፒዩበርቲ በአማርኛ ምን ይባላል?» ስትል ጠየቀችን። «ጕርምስና» አልናት። ጥቂት አሰበችና «እሱ የወንድ ነው፤ የሴቷስ?» አለች። «ለዐቅመ ሔዋን መድረስ» ብለን ልንመልስ ከጀመርን በኋላ አፋችንን ያዝን። ቀና ስንል እኅታችን ረከቦቱን ይዛ ከጓዳው በር ላይ ቆማ ነበር። ልጅቱ እርሳሷን በመጽሐፉ ጠርዝ ላይ እንዳሳረፈች መልሳችንን ትጠብቃለች። እኅታችን ረከቦቱን አስቀመጠችና መጥታ ከልጇ አጠገብ ተቀመጠች፤ መጽሐፉንም ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ ሥዕሉን ትመለከት ጀመር።